ለላኒየር ሐይቅ ፖንቱን ጀልባ የትኛው ቀለም ይሻላል? ከጽዳትና ከጥገና አንጻር የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «የምንኖረው አትላንታ አካባቢ ነው። ከወንድሞቼ ጋር ተዋጥተን 22 ጫማ ርዝመት ያለው ፖንቱን ጀልባ ልንገዛ አስበናል። ጀልባው ከኤፕሪል መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ላኒየር ሐይቅ ላይ፣ ጣሪያ በሌለው ማቆሚያ ውኃ ላይ ይቆያል። ሻጩ ለጀልባው ጎን ጥቁር፣ ነጭ፣ ብርማ ግራጫ፣ ደማቅ ቀይ እና ቢዥ አቅርቦልናል። ባለቤቴ ጥቁሩን ወደደው፣ እኔ ነጩን እመርጣለሁ። በማጠብና በመጠገን ብዙ የማያደክመን የትኛው ነው? ለወንበሩና ለወለሉስ ምን ዓይነት ቀለም ይሻላል?»

ከቀረቡልዎት አምስት ቀለሞች ለጎኑ የምመርጠው ቢዡን ነው። ሁለተኛ ምርጫዬ ብርማ ግራጫው ሲሆን ነጩ በሦስተኛ ደረጃ ይመጣል። ጥቁሩን ጣሪያ ያለው ማቆሚያ እስካላገኙ ድረስ አልመክርም፤ ቀዩን ግን ጣሪያ ቢኖርዎትም አልመክርም። ይህን ደረጃ ያወጣሁት ውበትን መዝኜ አይደለም። ጥቁር ፖንቱን ገና ከፋብሪካ ወጥቶ በመሸጫው ግቢ ቆሞ ሲታይ ከሁሉም እንደሚያምር ባለቤትዎ ያዩት እውነት ነው። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ጀልባው በሚቆምበት ሐይቅ ላይ ምን ዓይነት ቆሻሻ እንደሚያርፍበት፣ ፀሐይ ምን ያህል ሰዓት እንደምታገኘው፣ ቀለሙ ሲጎዳ ደግሞ ሊመለስ ይችል ወይም አይችል እንደሆነ። በእኔ እምነት ለጽዳት ሲባል ቀለም የሚመርጥ ሰው ሊያስቀረው ከማይችለው ቆሻሻ ጋር የሚቀራረበውን ቀለም ቢመርጥ ብዙ ድካም ይቀንስለታል፤ የላኒየር ቆሻሻ ደግሞ ቢጫና ቀይ ነው።

በመጀመሪያ ቀለሙ የሚያርፍበትን ነገር ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። ፖንቱን እንደ ፋይበር ግላስ ጀልባ በአንድ ቅርጽ የተሠራ አካል የለውም። ሚኒሶታ ውስጥ ሪችመንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ይኖር የነበረው ገበሬ አምብሮስ ዊረስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የብረት በርሜሎችን አገጣጥሞ በላያቸው የእንጨት መድረክ ከሠራበት ጊዜ ጀምሮ አሠራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም፤ ከታች የሚያንሳፍፉ ቱቦዎች፣ ከላይ ወለል፣ ዙሪያውን ደግሞ አጥር አለ። ዛሬ ቱቦዎቹ የአሉሚኒየም ናቸው፤ አጥሩም ከአሉሚኒየም ክፈፍና በክፈፉ መካከል ከሚገባ ስስ የአሉሚኒየም ፓኔል ይሠራል። ሻጩ «የጀልባው ቀለም» የሚልዎት በአብዛኛው የዚህን ፓኔል ቀለም ነው። ክፈፉ ብዙውን ጊዜ ፓውደር ኮት የተደረገ (በዱቄት መልክ ተረጭቶ በሙቀት የተጋገረ ቀለም ያለው) ወይም አኖዳይዝድ (ላዩ በኤሌክትሪክ ዘዴ የጠነከረ) ነው፤ መሪው ያለበት ኮንሶል ፋይበር ግላስ ወይም ፕላስቲክ ነው፤ ወንበሩ ቪኒል (ቆዳ መሳይ ፕላስቲክ) ነው፤ የጥላው ጣሪያ ጨርቅ ነው። እያንዳንዱ በፀሐይና በውኃ የሚጎዳበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ፣ «ጥቁር ይሻላል ወይስ ነጭ» የሚለው ጥያቄ ለፓኔሉ አንድ መልስ፣ ለወንበሩ ሌላ መልስ ሊኖረው ይችላል።

የሙቀቱን ጉዳይ አስቀድሜ ላንሳ። ጥቁር ቀለም ከሚያርፍበት የፀሐይ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ይውጣል፤ ንጹሕ ነጭ ቀለም ደግሞ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሚወስደው። በጁላይ ከሰዓት በኋላ የአየሩ ሙቀት 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ቀን፣ ነፋስ በሌለበት ማቆሚያ ላይ ፀሐይ በቀጥታ የምታገኘው ጥቁር ፓኔል ከ60 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ይህ ሙቀት ሕፃናት እጃቸውን ሲያሳርፉበት ያቃጥላል፤ ከዚያ በተጨማሪ ግን የጥገና ጣጣ ያመጣል። አሉሚኒየም ሲሞቅ በጣም ከሚለጠጡ ብረቶች አንዱ ነው። 3 ሜትር ርዝመት ያለው ፓኔል ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 3 ሚሊሜትር የሚጠጋ ይረዝማል። ዳርና ዳሩ በክፈፍ የተያዘ ስስ ቆርቆሮ የሚሄድበት ቦታ ሲያጣ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ይለመጣል፤ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ፓኔል ላይ ይህ መለመጥ እንደ ሞገድ ሆኖ ከሩቅ ይታያል። ነጭና ቢዥ ፓኔልም ይለጠጣል፤ ነገር ግን የሚሞቀው ያነሰ በመሆኑ ልጠቱ ያንሳል፤ የቀረውንም ቀለሙ ራሱ ይሸፍነዋል።

ሙቀቱ ለማጠብም ያስቸግራል። በጋለ ጥቁር ፓኔል ላይ የፈሰሰ የሳሙና ውኃ ሳይታጠብ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፤ የደረቀው ሳሙናም ራሱ አዲስ እድፍ ይሆናል። ስለዚህ የጥቁር ጀልባ ባለቤት ማጠብ የሚችለው ማለዳ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ቅዳሜ ቀን እንግዳ ይዞ ሐይቅ ለሚወርድ ቤተሰብ ይህ ቀላል ገደብ አይደለም።

ወደ ሐይቁ ቆሻሻ ስንመጣ፣ ሰዎች በብዛት የሚሰሙት ምክር ለሌላ አካባቢ የተሰጠ መሆኑን ላሳስብ እወዳለሁ። ስለ ፖንቱን ቀለም ሲነሳ ሁሉም የሚያስጠነቅቀው ውኃው ደርቆ ስለሚተወው ነጭ ነጠብጣብ ነው። ይህ ነጠብጣብ በውኃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የኖራ ድንጋይ በበዛባቸው ቦታዎች፣ ለምሳሌ በሚዙሪው የኦዛርክስ ሐይቅ፣ ጥቁር ጀልባን በእርግጥ ያበላሻል። ላኒየር ግን እ.ኤ.አ. በ1956 የተጠናቀቀው የቡፎርድ ግድብ የቻታሁቺ ወንዝን አግዶ የፈጠረው ሐይቅ ነው፤ ውኃው የሚመጣው ከሰሜን ጆርጂያ ተራሮች ሲሆን፣ የአካባቢው ድንጋይ በአብዛኛው ግራናይትና የመሳሰለው ጠንካራ ዐለት ስለሆነ ውኃው ለስላሳ ነው፤ የሚተወውም ኖራ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ነጠብጣብን ብቻ ምክንያት አድርገው ጥቁሩን አይጣሉ። ጥቂት ነጠብጣብ ቢታይ እንኳን አቼቶና ውኃ እኩል ቀላቅሎ በለስላሳ ጨርቅ ማበስና ወዲያውኑ በብዙ ውኃ ማለቅለቅ ይበቃል፤ አቼቶው ኖራውን ያሟሟዋል።

ላኒየር ላይ የሚያስቸግረው በመጀመሪያ ከጥድ ዛፍ የሚረግፈው ቢጫ የአበባ ብናኝ ነው። አትላንታ የኖረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ መኪናውም፣ በረንዳውም፣ መንገዱም ቢጫ ይለብሳል። ሐይቁ ዳር ደግሞ ዛፉ በቅርብ ስላለ የባሰ ነው። ይህ ብናኝ በጥቁርና በቀይ ፓኔል ላይ ከሩቅ ይታያል፤ በግራጫ ላይ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ በነጭ ላይ ከቀረቡ ይታያል፤ በቢዥ ላይ ግን ፈልገው ካልሆነ አያገኙትም። መታየቱ ብቻ ቢሆን እንኳን ችላ ሊባል ይችል ነበር፤ ችግሩ ባለቤቱ ባየው ቁጥር በደረቅ ጨርቅ ሊጠርገው መነሣቱ ነው። ብናኙ አቧራና አሸዋ ይዞ ስለሚቀመጥ በደረቁ ሲጠረግ ፓኔሉን ይጭረዋል፤ ጥቁር ቀለም ላይ ፀሐይ ሲመታው የሚታየው የሸረሪት ድር የመሰለ የጭረት ክብ የሚፈጠረውም እንዲህ ነው። በዚህ አጋጣሚ ጀልባውን ውኃ የሚያስገቡበትን ቀን ከኤፕሪል መጀመሪያ ወደ ኤፕሪል ሁለተኛ አጋማሽ ቢገፉት፣ የትኛውንም ቀለም ቢመርጡ ከዓመቱ ከባድ እጥበቶች አንዱን ያተርፋሉ።

ሁለተኛው የጆርጂያ ቀይ አፈር ነው። የላኒየር ዳርቻ ውኃው ሲጎድል ዙሪያውን ቀይ ቀለበት ሆኖ እንደሚታይ ያስተውሉ ይሆናል። ሐይቁ ሙሉ ሲሆን የውኃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,071 ጫማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በነበረው ድርቅ ከዚህ 20 ጫማ ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ድርቅ ባይኖርም በበጋው መጨረሻ ውኃው ጥቂት መውረዱ የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ ጀልባውን ወደ ዳር አስጠግቶ የሚወርድና የሚወጣ ሰው ሁሉ ቀይ ጭቃ በእግሩ ይዞ ይገባል። አፈሩን ያቀላው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ደቃቅ ስለሆነ በቪኒል ስፌት፣ በምንጣፍ ክርና በተሸመነ ወለል ቀዳዳ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ከሞተሩ የሚረጨውና ሌሎች ጀልባዎች የሚያስነሡት የደፈረሰ ውኃም በጎን ፓኔሉ የታችኛው ክፍል ላይ ስስ ቀይ ሽፋን ይተዋል። ይህ ሽፋን ነጭ ፓኔልን ያሳፍራል፤ ነጩን በሦስተኛ ደረጃ ያስቀመጥኩትም በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ንጹሕ ነጭ ለፀሐይ ከሁሉም የተሻለ ቀለም ሆኖ ሳለ፣ በዚህ ሐይቅ ላይ ግን ሁልጊዜ ግማሽ የታጠበ ይመስላል።

ሸረሪቶችንም መርሳት አይገባም። ማቆሚያው ላይ ሌሊት የሚበራው መብራት ትንኝ ይሰበስባል፤ ትንኙ ሸረሪት ይጠራል፤ የሸረሪት ኩስ ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ በማናቸውም ፈዛዛ ቀለም ላይ ይታያል። ቶሎ ካልታጠበ በኮንሶሉ ፋይበር ግላስ ላይ ዘልቆ ይቀራል። በዚህ ረገድ ጥቁሩ ያሸንፋል፤ የወፍ ኩስ ሲሆን ግን ተራው ይገለበጣል። ማቆሚያ ሲሰጥዎት ከመብራት ምሰሶው የራቀውን ለማግኘት ይሞክሩ፤ ከየትኛውም የቀለም ምርጫ ይልቅ ይህ ይረዳዎታል።

አሁን ቀዩን ከጥቁር በታች ያደረግሁበትን ምክንያት ላስረዳ። ቀለም ሁለት ዋና ነገሮች አሉት፤ አንዱ ቀለሙን የሚሰጠው ደቃቅ ዱቄት፣ ሌላው ዱቄቱን አጣብቆ የሚይዘውና የሚያብረቀርቀው ሙጫ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሁለቱንም ያጠቃል፤ ጥቃቱ ግን እኩል አይደለም። ነጭ የሚሠራበት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ጥቁር የሚሠራበት የካርበን ጥላሸት፣ ቢዥና ቡናማ የሚሠሩበት የብረት ኦክሳይድ በፀሐይ የማይለቁ ዱቄቶች ናቸው። ደማቅ ቀይና ብርቱካናማ ግን ብዙውን ጊዜ ከኦርጋኒክ ውህዶች ይሠራሉ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹን ጨረሩ ራሳቸውን ይሰባብራቸዋል። ጥቁር ፓኔል ዓመታት አልፈውት ሲደበዝዝ የተጎዳው በአብዛኛው ሙጫው ነው፤ ላዩ ላይ የቀረው ደቃቅ ዱቄት አመድ መስሎ ይታያል። በባለሙያ እጅ በፖሊሽ ሲታሽ የሞተው ንጣፍ ይነሣል፤ ከሥሩ ያለው ጥቁር ይወጣል። ቀይ ፓኔል ወደ ሮዝ ሲሄድ ግን የጠፋው ቀለሙ ራሱ ነው፤ የቱንም ያህል ቢያሹት አይመለስም። ጥቁር ያደክማል፤ ቀይ ደግሞ ያረጃል። ለድካም ጊዜ ወይም ገንዘብ ሊከፍሉ ይችላሉ፤ ላረጀ ቀለም ግን ፓኔል ከመለወጥ ወይም እንደገና ከማስቀባት ሌላ መፍትሔ የለውም።

ከቀለሙ ዓይነት በላይ የሚወስነው ሙጫው ምን እንደሆነ ነው፤ ገዢዎች ግን ይህን ሲጠይቁ አይሰማም። ስስ የአሉሚኒየም ፓኔል ብዙውን ጊዜ ፋብሪካ ውስጥ ገና ጥቅል ሳለ ይቀባል። ቀለሙ ፒቪዲኤፍ በሚባለው የፍሎሪን ፖሊመር የተሠራ ከሆነ ፀሐይን ከተራ ፖሊስተር እጅግ በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል፤ ለረጅም ጊዜ የታሰቡ የሕንጻ ጣሪያዎችና ግድግዳዎች በዚህ የሚቀቡት ለዚህ ነው። ሁለት ጀልባዎች አንድ ዓይነት ጥቁር ለብሰው አንዱ ፒቪዲኤፍ፣ ሌላው ተራ ፖሊስተር ቢሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ዕድሜ ያላቸው አይመስሉም። ሻጩ ይህን ባያውቅ አያስገርምም፤ አምራቹን ጠይቆ በጽሑፍ እንዲያመጣልዎት ይጠይቁት። የዋስትና ወረቀቱንም ሲያነቡ፣ የቀለም መልቀቅና የማብረቅረቅ መቀነስ በግልጽ የተሸፈኑ መሆናቸውን ይመልከቱ፤ «ቀለም አይላጥም» የሚለው ቃል ብቻውን ስለ መደብዘዝ ምንም አይልም።

ጭረትና ግጭትም የማይቀር ነው። ማቆሚያ ውስጥ ሲገቡ ምሰሶ ይነካል፤ የእንግዳ ጀልባ ሲጠጋ ገመድ ይፈገፍጋል። ከቀለሙ ሥር ያለው አሉሚኒየም ብርማ ስለሆነ፣ ብርማ ግራጫ ፓኔል ላይ ጭረት ብዙም አይለይም፤ ግራጫውን ሁለተኛ ያደረግሁት ለዚህ ጭምር ነው። ጥቁር ላይ ያው ጭረት የብር ክር ይመስላል። በሌላ በኩል ግራጫው በውስጡ የሚያብለጨልጭ የብረት ፍንጣሪ ያለው ከሆነ በብሩሽ ሲጠገን ጥገናው ከዙሪያው አይመሳሰልም፤ ፍንጣሪው በብሩሽ ሲቀባና በፋብሪካ ሲረጭ የሚተኛበት አቅጣጫ ይለያያል። ፓኔል መለወጥ ግድ ሲሆን ደግሞ አዲሱና የቆየው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ልዩነቱ በቀይ ላይ ይጮኻል፤ በቢዥና በነጭ ላይ ብዙ ሰው አያስተውለውም።

የምዝገባ ቁጥሩንም ከወዲሁ ያስቡበት። በሕጉ መሠረት ጀልባው በሁለቱም ጎን ቁመታቸው ከ3 ኢንች የማያንስ ፊደላትና ቁጥሮች ሊለጠፉበት ይገባል፤ ቀለማቸውም ከሚለጠፉበት ጎን ጋር በግልጽ የሚለይ መሆን አለበት። ጥቁር ጎን ላይ ነጭ፣ ቢዥ ጎን ላይ ጥቁር ይሆናል ማለት ነው። ሁለት ቀለም ያለው ጎን ከመረጡ ቁጥሩ ከሁለቱ በአንደኛው ላይ ብቻ እንዲያርፍ ቦታውን አስቀድመው ይለኩ። ደግሞም ተለጣፊው ከዓመታት በኋላ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ቀለም ፀሐይ ያላገኘው ስለሆነ የቁጥሩ ቅርጽ ይቀራል፤ ይህም እንደተለመደው በቀይ ላይ የከፋ ነው።

ስለ ወንበሩ በተለይ ልዘርዝር፤ ምክንያቱም አንድ ቤተሰብ በጀልባው ላይ ብዙ የሚያጥበው እሱን ነው፤ ሲበላሽም ውድ ነው። ለወንበር ጥቁርና ጥቁር ቡናማ ፈጽሞ አይሆንም፤ በዋና ልብስ ሊቀመጡበት አይችሉም፤ ሙቀቱም ቪኒሉን የሚያለሰልሰውን ንጥረ ነገር ቶሎ ስለሚያወጣው ቪኒሉ ደርቆ ይሰነጠቃል። ንጹሕ ነጭም ቢሆን መከራ አለው። የአዲስ ጂንስ ሰማያዊ ቀለም ይይዝበታል፤ አንዳንድ የፀሐይ መከላከያ ቅባቶች ቢጫ ያደርጉታል፤ ዲት የተባለው ኬሚካል ያለባቸው የትንኝ መከላከያዎች ደግሞ ቪኒሉን ራሱን ያሟሙታል፤ ይህን መድኃኒት ከጀልባው ወርደው ቢቀቡ ይሻላል። በነጭና በፈዛዛ ቪኒል ላይ አንዳንዴ የሚታየው ሮዝ እድፍ ደግሞ ከውጭ የመጣ አይደለም። በወንበሩ ስፖንጅ ውስጥ እርጥበት ሲቆይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት ቀለም ከውስጥ ወደ ውጭ ዘልቆ የሚታይ ነው፤ በማጠብ አይለቅም። መድኃኒቱ ስፖንጁ እንዳይርስ መከላከል፣ ከርሶም ከሆነ ወንበሩን ከፍቶ ማናፈስ ነው።

የእኛን ቤት ምግብ ይዘው ለሚወጡ ደግሞ አንድ የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ። የጀልባ መጽሔቶች ስለ ኬቻፕ ይጽፋሉ፤ ስለ ዶሮ ወጥና ስለ አልጫ ግን የሚጽፍ የለም። የበርበሬው ቀይ ቀለም በዘይትና በቅቤ ውስጥ ይሟሟል፤ ቅቤው ቪኒሉ ላይ ሲቆይ ቀለሙን ይዞ ይሰርጋል። እርድም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም በነጭ ላይ ከበርበሬው ይብሳል። እንደፈሰሰ ወዲያውኑ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽና ለብ ባለ ውኃ ቢታጠብ አብዛኛው ይለቃል። ቢጫ ጥላ ከቀረ በበረኪና አይሩጡበት፤ በረኪና የቪኒሉን የላይኛ መከላከያ ንጣፍና የስፌቱን ክር ያዳክማል። የእርድ ቀለም በፀሐይ ብርሃን ስለሚበታተን፣ ወንበሩን ለጥቂት ቀናት ሽፋኑን አንሥቶ ለፀሐይ መስጠት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ይህን ሁሉ ሲያስቡ የምመክረው የወንበር ቀለም ፈዛዛ ግራጫ ወይም ፈዛዛ ቢዥ ሆኖ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ያለው ክፍልና የእጅ መደገፊያው ትንሽ ጠቆር ያለ ቢሆን ነው። «እድፍ ያጠፋል» ተብሎ የሚሸጠው ነጭ የሜላሚን ስፖንጅም ቪኒሉን እየፋቀ ስለሆነ የሚያጸዳው፣ ደጋግመው አይጠቀሙበት።

ለወለሉ ምንጣፍ አይውሰዱ፤ ቀይ አፈርን የሚያስለቅቅ ሰው አላየሁም። የተሸመነ ቪኒል፣ መካከለኛ ቀለም ያለው፣ ቡናማና ግራጫ የተቀላቀለበት ይሁን። ጥቁር ወለል ባዶ እግርን ያቃጥላል፤ ፈዛዛ ወለል ቀዩን አፈር ያሳያል። ለጥላው ጨርቅ ክሩ ገና ሲሠራ ቀለም የገባበት አክሪሊክ ከሆነ ለቀለሙ ብዙ አይጨነቁ፤ ነጭና ክሬም ግን ሻጋታን ያሳያሉ።

ስለ ቱቦዎቹ የጠየቁት ነገር ባይኖርም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሰባት ወር ውኃ ላይ የሚቆዩ ቱቦዎች አልጌ ይይዛሉ፤ አንድ ሰው ጥቁር ቀለም ቢቀቡ አይታይም ብሎ ሊመክርዎት ይችላል። መዳብ ያለበት ፀረ-አልጌ ቀለም በአሉሚኒየም ላይ ከተቀባ ሁለቱ ብረቶች በውኃ ውስጥ እንደ ባትሪ ስለሚሠሩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ለአሉሚኒየም ተብሎ ያለ መዳብ የተሠራ ካልሆነ አያስቀቡ። በኦክቶበር ጀልባው ሲወጣ አልጌው ሳይደርቅ በግፊት ውኃ ማጠብ ይሻላል። ቱቦ የሚያነጡ አሲዶች ደግሞ አንዳንዶቹ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ስላለባቸው ለሰው አደገኛ ናቸው፤ ጎኑ ላይ ከተረጩም የፓኔሉን ቀለምና አኖዳይዝድ ክፈፉን ያበላሻሉ። ያንን ሥራ ለባለሙያ ይተዉት።

ቢዡን ከመረጡ የጽዳት ሥራዎ ይህን ያህል ነው፦ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ከላይ ወደ ታች በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ፣ በወር አንድ ጊዜ ያህል በጀልባ ሳሙናና በማይክሮፋይበር ጨርቅ ማጠብ፣ በወቅቱ መጀመሪያና መጨረሻ ሰም መቀባት። ለጥቁር ከሆነ ሳሙናው በየሳምንቱ ይሆናል፤ ካጠቡ በኋላ ማድረቅ ይጨመርበታል፤ ሰሙም ድግግሞሹ ይበዛል። ማት የተባለውን የማያብረቀርቅ ጥቁር ከሆነ የሚሸጡልዎት፣ እሱ በፖሊሽ ሲታሽ እየተዥጎረጎረ ማብረቅረቅ ስለሚጀምር ሲጎዳ ማዳኛ የለውም። ሴራሚክ የሚባለው ሽፋን ማጠብን ያቀልላል፤ ማጠብን ግን አያስቀርም፤ ጥቁሩንም ከመሞቅ አይከላከለውም። በየትኛውም ቀለም ቢሆን ማቆሚያው ውስጥ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሚያየው ጎን ቀድሞ ይደበዝዛል፤ ዝቅ ያለ ፀሐይ ከውኃው ላይ ተንጸባርቆ ጎኑን ሁለተኛ ጊዜ ይመታዋልና። ወቅቱ ሲጋመስ ጀልባውን አዙሮ ማሰር፣ በአንድ ወቅት ፊቱን አስገብቶ በሌላው ኋላውን አስገብቶ ማቆም፣ ሁለቱ ጎኖች አብረው እንዲያረጁ ያደርጋል።

ባለቤትዎ ጥቁሩን ካልተዉት አንድ አስታራቂ መንገድ አለ። አምራቾች ብዙውን ጊዜ የፓኔሉንና የክፈፉን ቀለም ለየብቻ ያስመርጣሉ። ፓኔሉን ቢዥ አድርገው ክፈፉን ጥቁር ፓውደር ኮት ቢያዝዙ፣ ክፈፉ ጠባብ ስለሆነ ሙቀቱም፣ ብናኙም፣ ጭረቱም ብዙ አያስቸግርም፤ ጥቁሩ መስመር ግን ለጀልባው መልክ ይሰጠዋል። ክፈፉ ውስጥ ልጆች የሚደገፉበት የላይኛው ዘንግ በፀሐይ መጋሉ እንደማይቀር ግን ይወቁት። ትዕዛዙን ከመፈረምዎ በፊት የፓኔሉን የቀለም መለያ ቁጥር በውሉ ላይ ያስጽፉ፤ ለጭረት የሚሆን አንድ ትንሽ ቆርቆሮ የዚያው ቀለም ከጀልባው ጋር እንዲሰጥዎትም ይጠይቁ። ከዓመታት በኋላ አምራቹ ያንን ቀለም ቢያቆም እንኳን፣ ቁጥሩ ካለ ቀለም ቤት ሊያመሳስልልዎት ይችላል።